ማንም የማይዋሰው ጠረጴዛ

ሐምሌ 3 ቀን 1960፣ ረቡዕ፣ ከምሳ በፊት

ዛሬም አልጋው ላይ ተንበርክኬ ስቆርጥ አረፈድኩ። ጉልበቴ አለቀ። ወገቤንማ አታንሣው። መቀሱ ዛሬ እንዴት ደስ ብሎት ይሄዳል እያልኩ ሳደንቅ፣ ለካ አማቴ ለሠርጌ የሰጡኝን አልጋ ልብስ ከሥር አብሬ እየቆረጥኩ ነው! ቀዳዳውን ወደ ግድግዳው አዙሬ አነጠፍኩት። ላንተ ብቻ ነው የነገርኩህ፣ ማስታወሻዬ። ባሌ ታደሰ እንዳይሰማ።

ሁሉም ለሰናይት ነው። ልጄ አዲስ አበባ የነርስ ት/ቤት ገብታለች፤ ከእንቁጣጣሽ ማግስት ትሄዳለች። ከሕፃንነቷ ጀምሮ የለበሰቻቸውን ቀሚሶች በሣጥን አስቀምጫለሁ። ከነሱ ብርድ ልብስ እሠራላታለሁ። ከላይ ቁርጥራጩ፣ መሐሉ የተባዘተ ጥጥ፣ ከሥር አቡጀዴ። ታደሰ ድሪቶ ይለዋል። ይበል። መሄዷን ሳስብ ሆዴ ይባባል፤ መቀስ ስይዝ ይሻለኛል።

ሐምሌ 4፣ ሐሙስ

ምግብ ጠረጴዛው ላይ ሞከርኩ። ምሳ ደረሰ፣ አንሺ። ምሳ ተበላ፣ እንደገና ዘርጊ። ታደሰ ከቆጮው ውስጥ ቀይ ክር አገኘ። ጎተተው። አላልቅ አለ። ጎተተ፣ ጎተተ። እኔና ሰናይት በሳቅ ፈረስን። እሱ ግን ፊቱን ቋጥሮ፣ መርፌ ቢሆንስ ኖሮ? አለ። የአውራጃ ፍ/ቤት ጸሐፊ ነውና ነገሩን እንደ ክስ አንድ በአንድ ዘረዘረው። ፍርዱ ለኔ ሆነ፤ ለስፌት የራሴ ጠረጴዛ ይገዛልኝ። የኋላው ክፍልም የኔ ይሁን። እልል!

ሐምሌ 6፣ ቅዳሜ፣ ከቀኑ 9 ሰ.

ከገበያው በታች ካሉት አናጢ፣ ከአቶ ጅግሶ ቤት መመለሴ ነው። ሳስበው ሁለት ጠረጴዛ ነው የሚያስፈልገኝ። የእግር ስፌት መኪናዬ የራሷ ማረፊያ አላት፤ ግን ትልቅ ጨርቅ ሲሆን በግራ በኩል ይንሸራተትና ክብደቱ መርፌዋን ይጎትታል። ስለዚህ አንዱ በመኪናዋ ቁመት ልክ፣ ከጎኗ የሚገጠም። ሌላው ከፍ ያለ፣ ቆሜ የምቆርጥበት። ታደሰ አንድ ይበቃል አለ፤ ዝቅ ያለው፣ እንግዳ ሲመጣም ይጠቅማል። የተሠራ ስለነበረ እሺ አልኩ። የዋንዛ ነው። ለስላሳ። ሽታው ክፍሉን ሞልቶታል። ስገባ ስወጣ በእጄ ዳበስ አደርገዋለሁ።

ሐምሌ 13፣ ቅዳሜ ማታ

ሳምንቱን ሙሉ ሲሳካልኝ ሰነበተ። መቁረጡ አሁንም ያጎነብሰኛል፣ ስፌቱ ግን እንደ ውኃ ይሄዳል። ቁርጥራጩን ሁሉ በየተራው ደርድሬ፣ ነገ እገጥመዋለሁ ስል እትዬ ዘነበች መጡ። የአጥር ጎረቤቴ። ነገ የልጅ ልጃቸው ክርስትና ነው። ጠረጴዛዬን ሲያዩ ዓይናቸው በራ።

እምቢ እንዴት ይባላል? በዚህ ሰፈር ሰፊ ጠረጴዛ የባለቤቱ ብቻ አይደለም። ሰናይት ክርስትና ስትነሣ አግዳሚውም ድስቱም የሳቸው ነበር። የደረደርኩትን አፈረስኩ። ጠረጴዛዬ በሰው ትከሻ ወጣ።

ሐምሌ 18፣ ሐሙስ

አልተመለሰም። ከክርስትናው ወደ ማኅበር ቤት ሄደ አሉ። ከማኅበር ቤት ደግሞ ከወናጎ እንግዳ የመጣበት ሰው ወሰደው። ይኸ ጠረጴዛ ከኔ በላይ ዲላን አወቀ። ሰናይት በቀጣዩ ከይርጋጨፌ ይጽፍልናል ትላለች። ሳቅሁ፤ ግን ቀኑ እየሄደ ነው።

ሐምሌ 20፣ ቅዳሜ

ትናንት በእትዬ ዘነበች በኩል መጣ። እንዴት ያብረቀርቃል! ከወሰዱት አምሮ መጣ ብዬ እትዬ ዘነበችን መረቅኋቸው። ዛሬ ጧት መጀመሪያ የዘረጋሁት የሰናይትን የክርስትና ቀሚስ ነው፤ ነጩን። ሳነሣው ቢጫ ሆኗል። ቅቤ! እትዬ ዘነበች እንጨቱ እንዳይሰነጠቅ እንደ ገበቴያቸው አሽተው፣ ቅቤ አጠጥተው ነው የመለሱት። ለደግ ብለው። አመድም ሳሙናም ሞከርኩ። አይለቅም። የመጀመሪያ ልብሷ ነበር። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ሰናይት ቀድማኝ ሄዳ ነግራቸዋለች። ከዚያ እስከ ማታ እትዬ ዘነበች ድምፃቸው ጠፋ። በአጥሩ በኩል እንኳ አልተጣሩም። ይኸ ከቅቤው ባሰብኝ።

ነሐሴ 2፣ ሐሙስ

የቅቤ ነገር ሲነሣ ፊቴ ስለሚለዋወጥ ታደሰ ተሸነፈ። ቆመሽ የምትቆርጪበትም ይሠራ አለ። አቶ ጅግሶ ዘንድ በዝናብ ሄድኩ። ግቢያቸው ጭቃ በጭቃ ነው፤ እግሬ እንዳይጨቀይ ሳንቃ ደራርበው አቆሙኝ። ክንድሽን እጠፊ አሉ። ከክርኔ በታች በመለኪያ ዘንጋቸው ለኩ። ቆሞ ለሚቆርጥ ልኩ እዚህ ነው አሉ። ስመለስ በመንገዱ ሙሉ ብቻዬን ፈገግ ስል ነበር።

ነሐሴ 11፣ ቅዳሜ

መጣ። ማስታወሻዬ፣ ምን ልበልህ። ደረቴ ጋ ይደርሳል! መቀስ ስይዝ ክንፏን እንደዘረጋች ዶሮ ክርኔ ወደ ላይ ይነሣል። እኔ፣ ታደሰ፣ ሰናይት ዙሪያውን ዞርነው። አቶ ጅግሶም ዞሩት። ከዚያ በድንገት ግንባራቸውን መቱ። እኔ የቆምኩት ሳንቃ ላይ፣ ዘንጉ የቆመው መሬት ላይ! እየሳቁ አፈሩ፣ እያፈሩ ሳቁ። ሰኞ መጋዝ ይዤ መጥቼ እግሩን አሳጥራለሁ ብለው ሄዱ።

ነሐሴ 12፣ እሑድ

ዛሬ ከማኅበር ቤት ሰው መጣ። ለፍልሰታ ፍቺ ጠረጴዛ ፈልገው ነው። አዲሱን ሲያይ ደስ አለው። ወንበር ሳበና ተቀመጠ። ከግንባሩ በላይ ብቻ ቀረ። ከወዲያ ማዶ፣ በዚህ ላይ የሚበላው ማነው ወይዘሮ? ሲል ይሰማኛል። ታደሰ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። በክሩ ቀን ያልሳቀውን ዛሬ ሳቀው።

ዝቅተኛውን ውሰዱ አልኩ። ቅቤ የጠጣውን። በደስታ! እሱ ይዙር፣ ከተማውን ይይ። ሲመለስ ከመኪናዬ ጎን ይቆማል። እኔ ደግሞ አንድ ነገር ገባኝ።

ነሐሴ 13፣ ሰኞ

አቶ ጅግሶ መጋዛቸውን ይዘው መጡ። አይቆረጥም አልኳቸው። ጤና የለሽም እንዴ? በሚል ዓይን አዩኝ። ከፍ እንዳለ ይቅር፣ ማንም አይዋሰውም፤ ያንን የቆምኩበትን ሳንቃ ብቻ ያምጡልኝ፣ በሚስማር አያይዘው አልኩ። ነገሩ ሲገባቸው ራሳቸውን እየነቀነቁ ሄዱ፤ ከምሳ በፊት ይዘውት መጡ። ወጣሁበት። ክንዴን አጠፍኩ። ልክክ! እስኪመሽ ቆረጥኩ። ወገቤ ዝም አለ።

ነሐሴ 24፣ ዓርብ

ከቅቤው ወዲህ ዛሬ ገና እትዬ ዘነበች መጡ! ከበሩ አላልፍ ብለው ቆሙ። በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው የያዙት ነገር አለ። ከልጅ ልጃቸው የክርስትና ቀሚስ የተረፈ ነጭ ጨርቅ። በተበላሸው ፋንታ አስገቢው አሉ። አቅፌ አስገባኋቸው። በቃ፣ ሁለታችንም አለቀስን። ሰናይት ቢጫውን ቀሚስ አላስወጣም አለች፤ አዲስ አበባ ሆኜ ሲናፍቀኝ ሰፈሬን የማሸተው በሱ ነው። ሁለቱ ጎን ለጎን ይግቡ ተባለ።

እትዬ ዘነበች አልሄዱም። ጥጡን ከላይና ከታች ጨርቁ ጋር በክር መቋጠር ነበረብን። እጃቸው ይፈጥናል! ግን አጭር ናቸው፤ ጠረጴዛው አገጫቸው ጋ ነው። ሳንቃዋ ላይ አብረን ቆምን፣ ተቃቅፈን፣ ስንወዛወዝ። ስንት ጊዜ ወረድን።

ጳጉሜን 3፣ እሑድ፣ ከቀኑ 10 ሰ.

አለቀ። ሰናይት ተሸፍናበት አልጋው ላይ ተጋድማለች። ቁርጥራጩን በጣቷ እየነካች፣ ይኸን የለበስኩት መቼ ነው? ይኸንስ? ትለኛለች። ታደሰ እግሩን ከሥር አስገብቶ ተቀምጧል። ድሪቶው እንዴት ነው? አልኩት። ይሞቃል አለ።

ልጄ ከሄደች በኋላ ይኸ ክፍል ባዶ እንዳይሆንብኝ ፈርቼ ነበር። አሁን በአጥሩ በኩል እትዬ ዘነበች ይጣራሉ። የሟች ባሌ ኮቶችና የልጆቼ ቀሚሶች በጆንያ ሙሉ አሉኝ፣ እናንተ ቤት ይዤ ልምጣ ወይ? ይላሉ። ይምጡ ብያለሁ። ነገ ጧት አቶ ጅግሶ ዘንድ ነኝ። ለወዲያኛው ወገን ሌላ ሳንቃ አዝዛለሁ፤ ከኔው ወፈር ያለ።