የታኘከው ጋቢ

ለውድ ወንድሜ ለሃብተ ጊዮርጊስ፤

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህ ናዝራዊትስ፣ ልጃችሁ ሲሲስ እንዴት ናቸው? የሐዋሳ ሙቀት ተስማማችሁ ወይ? እኔ በእግዚአብሔር ቸርነት ደህና ነኝ፤ ልጆቹም ደህና ናቸው። ብርዱ ዘንድሮ ቀድሞ ገብቷል፤ ገብሱም ገና አልታጨደም። ስለ አባታችን ግን ደህና ናቸው ብዬ ልጽፍልህ አልችልም። በስልክ እንዳልነግርህ ከአጠገቤ አይለዩም።

ጎናቸውን ማመም የጀመራቸው ከፍልሰታ ወዲህ ነው። ጎትጉቼ ጎትጉቼ ጤና ጣቢያ ወሰድኋቸው። ሐኪሙ ደርበው ጨዋ ልጅ ነው፤ ሕመሙ እንዴት እንደሚያደርጋቸው በአክብሮት ጠየቃቸው። ምን ቢመልሱለት ጥሩ ነው? እንደ ቅኔ ተማሪያቸው ቆጥረውት ጉባኤ ዘረጉ። ውጋት ወጋ ከሚለው የወጣ ነው፣ ጦር አለበት አሉ። ቁርጠት ከቆረጠ ነው፣ ቢላዋ አለበት። ፍልጠት ከፈለጠ ነው፣ ምሳር አለበት። ቁርጥማትማ ከቆረጠመ ነው፣ ጥርስ አለበት። አበው ሕመምን የሰየሙት በሚመታበት መሣሪያ ነው ብለው ደመደሙ። ደርበው ተደንቆ ሲሥቅ ቆየና የጨጓራ መድኃኒት ሰጥቶ ሸኘን። ከዚያ ሁሉ የትኛው የሳቸው እንደሆነ እሳቸውም አልተናገሩ፣ እሱም ደግሞ አልጠየቀ።

ከዚያ ወዲህ ቤቱ የትርጓሜ ቤት ሆነልህ። መምሬ ሰይፈ ሥላሴ በሽተኛ ልጠይቅ ብለው ሰው አስከትለው ይመጣሉ። ፍራሹ ዳር ተቀምጠው ጠላዬን እየጠጡ ስለ ምጥና ስለ ራስ ምታት ይከራከራሉ፤ አባታችን ላብ በላብ ሆነው ያርሟቸዋል። ግሩም ነው፣ ድንቅ ነው ይባባላሉ። አንገሸገሸኝ። የያዝሁትን ጠላ ልደፋባቸው ጥቂት ነው የቀረኝ።

አንተም ያው ነህ። እየደወልህ የቃል ትርጉም ትጠይቃቸዋለህ፣ የነገሩህን ፌስቡክ ላይ ትለጥፋለህ፣ ሰውም አባትህ ሊቅ ናቸው ይልሃል። የጎረቤታችን የአለምነህ ልጅ አሳይታኝ አየሁት። አስጠላኸኝ፤ ወንድሜ ስለሆንህ ነው የምነግርህ።

ባለፈው ቅዳሜ ጋቢያቸውን ላጥብ አወጣሁት። ጠርዙ በሙሉ ታኝኳል። መጀመሪያ አይጥ መስሎኝ ነበር። ቀረብ አድርጌ ሳየው ምራቅ ደርቆበት የተገተረ፣ የጥርስ ምልክት ያለበት፣ ሐሞት ሐሞት የሚሸት ነው። ድምፃቸው እንዳይሰማ ይነክሱት ኖሯል። ቀፈፈኝም፣ አለቀስሁም። ሳላጥበው ወስጄ ለደርበው አሳየሁት። ዛሬ ነገ ሳይባል ጎንደር ገብተው በመሣሪያ ይታዩ፣ ከቆየ ይብስባቸዋል ብሎ ሪፈር ጻፈ።

እሳቸው ግን ተማሪዎቼን በትኜ የትም አልሄድም ብለው እንቢ አሉ። እኔን አይሰሙኝም፤ አንተን ይሰሙሃል። ስትደውል ቃሉ ከየት መጣ ብለህ እንዳትጠይቃቸው። የርስዎ የትኛው ነው በላቸው፤ እስኪመልሱልህም ስልኩን አትዝጋ።

ናዝራዊትን በጣም ሰላም በልልኝ፤ ሲሲን ሳምልኝ። ባለቤቴ ምሥጋናው ሰላም ብሎሃል፤ አክስታችን ታንጉትም በጣም ናፍቀሃቸዋል። አባታችንም ሰላምታቸውን ልከዋል፤ ደህና ነኝ ብለሽ ጻፊለት አሉኝ። ስላዘዙኝ ጻፍሁት፤ አንተ ግን እንዳታምናቸው።

እኅትህ ሸጊቱ ገብረ ኪዳን
ዳባት፣ ጥቅምት ፲፬ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.