ሥሩ በየት በኩል ነው

ይድረስ ለምወድህና በጣም ለምትናፍቀኝ ወንድሜ ለዑመይር ሸምሶ፣ ጆሃንስበርግ።

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ለመሆኑ እንዴት ነህ? ጤናህስ? ብርድ ሲነካው የሚያስነክስህ ያ ጉልበትህስ ተሻለው? ሱቁስ፣ ሰፈሩስ ሰላም ነው? ምግብ በሰዓቱ ትበላለህ ወይስ እንደ ልማድህ በለስላሳና በዳቦ ነው የምትውለው? ይህን የመጨረሻውን እማዬ ናት ጠይቂው ያለችኝ፤ እኔማ መልሱን አውቀዋለሁ። እኛ አልሐምዱሊላህ ካንተ ናፍቆት በቀር ምንም አልጎደለብንም። ክረምቱ ጠግቦ ዘንቧል፣ የማረቆ በርበሬ መቅላት ጀምሯል፣ ቡታጅራም ባጃጇንና ጭቃዋን ይዛ እንዳለች አለች።

በስልክ እንዳልነግርህ ኔትወርኩ አንድ ቃል ሰጥቶ ሁለቱን ይውጣል። ደግሞም ይህ ነገር ከመጀመሪያው ካልተነገረ አይገባህም። አውፍ ብለህ ይቅር እንድትለኝ የምለምንህም ነገር አለ። ጎረቤታችን ሳኒ ወደ አንተ ሊመጣ ነው ሲባል ከደብተሬ ገንጥዬ ተቀመጥኩ። አንተም ሱቁን ለሰው አደራ ብለህ፣ ተቀምጠህ አንብብ።

ከቴክኒክና ሙያ እንደተመረቅሁ የጋሽ ሀብተወልድ እንጨት ቤት መቀጠሬን ነግሬህ ነበር። የሒሳብ አስተማሪህ ጋሽ ሀብተወልድ፤ ጡረታ ሲወጡ ወደ ጎጃማቸው ይመለሳሉ ስንል እንጨት ቤት ከፍተው አረፉት! ሚያዝያ ላይ ታዲያ ከአዲስ አበባ በአይሱዙ አንድ ማሽን አስጭነው መጡ። ምሰሶ የሚቀርጽ ማሽን ነው። እንጨቱ በሁለት ጫፉ ተይዞ ቀስ እያለ ይዞራል፤ ከላዩ አውራ ጣት የምታህል መቁረጫ እየወረደች እየወጣች ትፈለፍለዋለች። የት መውረድ የት መውጣት እንዳለባት የሚነግራት ኮምፒውተሩ ነው፤ ለኮምፒውተሩ የምትነግረው ደግሞ ታናሽ እህትህ ናት። ግድግዳ ላይ በከሰል ስሞነጫጭር በኩርኩም ትለኝ አልነበር? ያ መሞነጫጨር ዛሬ እንጀራ ሆነልህ። የመጀመሪያ ሥዕሌ ምን መሰለህ? እንሰት! ከታች እንደ እንሰት ግንድ ወፍራም፣ ወደ ላይ እየቀጠነ ሄዶ አናቱ ላይ ቅጠሉ ይዘረጋል። ጋሽ ሀብተወልድ አይተው «ይቺ ልጅ ጓሮዋን ይዛ ነው የመጣችው» ብለው ሳቁ።

አባባ ግን አልሳቀም። አባባን ታውቀው የለ፤ አርባ ዓመት ሙሉ በመሮና በመዶሻ ምሰሶ የቀረጸ ሰው ነው። የማሽኑ ስም ሲኤንሲ ነው ብዬ ስነግረው «ሲኒ» ብሎ አረፈው፤ ሲኒ ሆኖ ቀረ። መብራት በጠፋ ቁጥር «ሲኒያችሁ ዛሬም ባዶ ነው?» እያለ በሰው ፊት ይተርበኛል። ሐምሌ ላይ ግን ቀልዱን ተወው። የጨርቅ ነጋዴዋ ወይዘሮ ጠይባ ለአዲሱ ቤታቸው በረንዳ አሥራ ሁለት ምሰሶ አዝዘውን ነበር፤ ዘመድ ለአረፋ ሳይሰበሰብ እንዲቆምላቸው። አባባ ይህን ሲሰማ አስቀመጠኝና «ፈቲሀ፣ ይህ ነገር የሸምሶ ልጅ የሠራችው ምሰሶ ተብሎ ነው የሚጠራው። እስከ አረፋ ያለ ነውር ከቆመ ሥራሽን እመርቅልሻለሁ። ነውር ከተገኘበት ግን ያን ቤት ለቀሽ ከእናትሽ ጋር ሱቅ ትቀመጫለሽ» አለኝ። ወላሂ፣ የእማዬ ሱቅ ደግ ነው፣ ግን እኔ በርበሬ እየመዘንኩ ማርጀት አልፈልግም። ይህን እንዳትነግርብኝ።

አሥራ ሁለቱም አልቀው፣ ተለስልሰው፣ ግድግዳ ተደግፈው ሲቆሙ ማማራቸው! አረፋ ዐሥር ቀን ሲቀረው አባባን ለምኜ አመጣሁት። ሲገባ ማሽኑን ዞር ብሎም አላየው። ቀጥ ብሎ ወደ ምሰሶዎቹ ሄደና እንደ ከብት ነጋዴ ከላይ እስከ ታች በመዳፉ ዳበሳቸው። አንዱን አጋደመና በዚህ ጫፍ አነሳው፣ በዚያ ጫፍ አነሳው፣ ጉጡን በጥፍሩ ጫር ጫር አደረገው። እንዲህ እያለ ሁሉንም አዳረሰ። ከዚያ አምስቱን ለብቻ ለያቸውና «እነዚህ በጭንቅላታቸው ነው የቆሙት» አለ።

አንተ መሮ ይዘህ ከጎኑ ያደግክ ስለሆንክ ወዲያው ይገባሃል፤ እኔ ግን ሴት ናት ብሎ መሮ ያላስጨበጠኝ ከየት ልወቀው? ለካ ምሰሶ ዛፉ እንደበቀለ ነው የሚቆመው፤ የሥሩ በኩል ወደ መሬት፣ የጫፉ በኩል ወደ ሰማይ። አባባ ግንዱን ከነቅርፊቱ ስለሚያገኘው አይሳሳትም። ለእኛ ግን ተሰንጥቆ፣ አራት ማዕዘን ሆኖ፣ ሁለቱም ጫፉ እኩል ሆኖ ነው የሚመጣው። እኔም እንደመጣልኝ አስረዋለሁ። ኮምፒውተሩ ርዝመቱን ይጠይቀኛል፣ ውፍረቱን ይጠይቀኛል፤ ሥሩ በየት በኩል ነው ብሎ ግን አንድ ቀን ጠይቆኝ አያውቅም።

ጋሽ ሀብተወልድ ተቆጡ። «ኧረ ሸምሶ፣ ለደረቀ እንጨት ላይና ታች ምን ያደርግለታል? ጠይባ እንደሆነች አታውቀው!» አሉ። አባባ ድምፁን ሳያነሳ «ጠይባ አታውቅም። እኔ ግን በዚያ በር ባለፍኩ ቁጥር አቀርቅሬ ነው የማልፈው» አለ። ነውር ተገኘ ማለት እኮ ነው፤ ገና ከዚያው ከቆምኩበት የእማዬ ሱቅ በርበሬ ሸተተኝ። «አምስቱን እንደገና እሠራቸዋለሁ» አልኩ። ጋሽ ሀብተወልድ «በምን እንጨት? እርጥቡ ይሰነጠቃል፤ ደረቅ ዋንዛ በዐሥር ቀን ከየት ይመጣል?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። አባባ ወጥቶ ሄደ።

በማግስቱ ጠዋት ስገባ በሩ ላይ ጋሪ ቆሟል። ጋሪው ላይ አምስት ዋንዛ፣ ከጎኑ አባባ። ወንድምዬ፣ የትኞቹ ዋንዛዎች እንደሆኑ ላንተ አይነገርም። አንተ የሄድክ ዓመት ለዑመይር ቤት በረንዳ ብሎ ከጣሪያ ሥር የደረደራቸው ስድስቱ! እማዬ አንድ ጊዜ ልብስ አሰጣችባቸው ብሎ ሁለት ቀን ያኮረፈባቸው። ከስድስቱ አምስቱን ለእኔ ነውር መሸፈኛ ጭኖ አመጣቸው። አንድ ጫፋቸው ላይ በከሰል ክብ አድርጎባቸዋል። «ክቡ ያለበት ሥሩ ነው፤ ለሲኒሽ ንገሪያት» አለኝና እቤት እንዳለ ሰው የእንጨት ፍርፋሪ ላይ ተቀመጠ። ደስታም ሐፍረትም ያዘኝ። ባንተ ቤት እንጨት ነው የሠራሁት፤ አውፍ በለኝ።

አራቱ ያለ ችግር አለቁ። አምስተኛው ግን፣ አረፋ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ከአናቱ ተነስቶ ወገቡ ላይ ሲደርስ ድርግም! መብራት ሄደ። ጠበቅን፣ ጠበቅን፤ ቀትር አለፈ። አባባ ተነሳና «ሲኒሽ ባዶ ናት፣ ዘወር በይ» ብሎ ምሰሶውን ፈታው። ከለበሰው ኩርታ ኪስ ያቺን እጀታዋ በላብ የጠቆረች መሮ አወጣና የቀረውን ግማሽ በእጁ ያዘው። እኔ እይዝለታለሁ፣ እሱ ይቀርጻል። ሥዕሉ የእኔ፣ እጁ የእሱ። አንድ ቦታ ላይ ቆም አለና መሮውን ለእኔ ዘረጋልኝ። «ጉጥ ላይ አትቸኩዪ፤ እንደ ሽማግሌ ነው፣ ዙሪያውን ዞረሽ ነው የምታግባቢው» አለኝ። ጉጡን ዞሬ የግንዱን አንድ መስመር ቀረጽኩ። መብራቱ ሲመጣ እኛ ጨርሰን እንጨት ፍርፋሪ እያራገፍን ነበር። ጋሽ ሀብተወልድም ለሞራል ብለው አብረውን አራገፉ።

አሁን የሚያስቀው ይመጣል። ወይዘሮ ጠይባ ምሰሶዎቹ በረንዳቸው ላይ ሲቆሙ እየዞሩ አዩና ያቺን አምስተኛዋን መታ መታ አደረጓት። «ሁሉንም እንደዚች ብታደርጓቸው ምን ነበረበት? ማሽን እኮ ማሽን ነው፤ የሰው እጅ መቼ እንዲህ ያደርጋል!» አላሉም መሰለህ? አባባ መጀመሪያ አፉን በእጁ ያዘ፤ ከዚያ ደረጃው ላይ ቁጭ ብሎ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። እንዲህ ሲስቅ አንተ ከሄድክ ወዲህ አይቼው አላውቅም። የአረፋ ዕለት ከሶላት ሲመለስ በዘመድ ሁሉ ፊት ጠራኝና «እጅሽ ይባረክ፣ ሲኒሽም አትጉደል» ብሎ መረቀኝ። ሰው ሁሉ ቡና ፈልጎ መስሎት እማዬን ረከቦት አምጪ አላት!

እነዚያ በጭንቅላታቸው የቆሙት አምስቱ ተቆርጠው የአልጋ እግር ሆኑ። አባባ ራሱ ነው የፈቀደው፤ «የተኛ ሰው ላይና ታቹን የት ያውቃል» አለ። አሁን በየጠዋቱ ከሰል በኪሱ ይዞ እንጨት ቤቱ ይመጣል። የመጣውን እንጨት ሁሉ ዳብሶ፣ አንስቶ፣ ሥሩ ላይ ክብ ያደርግልኛል። ክብ የሌለበትን ማሽን ላይ እንዳላስር ጋሽ ሀብተወልድ ራሳቸው ከልክለውኛል። እማዬ የኩርታው ኪስ ሁሉ ጠቆረ ብላ ስትነጫነጭ «ሥራ ነው» ይላታል። እየው፣ የእኔን ነገር «ሥራ» አለው፤ እኔ ሰምቻለሁ።

ስድስተኛዋስ? ባለፈው ሳምንት እሷንም በትከሻው ተሸክሞ አመጣት። ራሱ አስተካክሎ አሳሰረኝና «እንሰትሽን አውጪባት» አለኝ። ማሽኑ ቅጠሉን ጨርሶ ወገቧ ላይ ሲደርስ «አቁሚ» አለ። መብራት አለ እኮ አባባ፣ አልኩት። «አውቃለሁ። ታቹ የዑመይር ነው። መሮው ተስሏል በይው» ብሎ ፊቱን አዞረ። አሁን ሳሎን ጥግ ላይ ቆማለች፤ ላይዋ እንሰት፣ ታችዋ እንጨት። የመጣ እንግዳ ሁሉ ለምን አልጨረሳችኋትም ይለናል። እማዬ ባለቤቷ እስኪመጣ ነው ትላለች።

እማዬ ሁለት ጉንጭህን ትስምሃለች፤ ሳኒ የያዘውን ሚጥሚጣ ለሰው አትበትን ብላለች። ትንሿ እህታችን ሰፍያ ስምንተኛ ክፍል ገብታለች፤ አንደኛ ከወጣሁ ጫማ ይላክልኝ ብላ በእኔ ጽሑፍ አስገድዳ አጽፋኛለች። ጋሽ ሀብተወልድ የማባዣ ሰንጠረዡን አሁንም አትርሳ ይሉሃል። አባባ ሰላም በይልኝ አላለኝም። ደብዳቤውን አንብቢልኝ አለ፤ እስከዚህ ድረስ አነበብኩለት። ካዳመጠ በኋላ «ሥሩ በየት በኩል እንደሆነ ንገሪው፤ ሲመጣ እንዳይሳሳት» አለኝ። ይኸው ነገርኩህ፤ ከሰሉ ባለበት፣ ባልተቀረጸው፣ ባንተ በኩል ነው።

እህትህ ፈቲሀ ሸምሶ
ቡታጅራ፣ መስከረም 24 ቀን 2009 ዓ.ም.