ለገሊላ ስም ማስረጃ ለጠየቁኝ ክቡር ሰብሳቢ

ለተከበሩ የጥንታዊት ፈረንሳይ ወዳጆች ማኅበር የስም አጣሪ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣ ለሰር ዣን ሉዊ
ሎስ አንጀለስ

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? በየወሩ መናፈሻው ውስጥ የሚለብሱት የብረት ልብስ የትከሻ ሕመምዎን እንዳላባሰብዎት ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ አለሁ፤ መኖር ከተባለ።

የልጄ የገሊላ ሞት የተነገረኝ ማክሰኞ ጠዋት፣ ፌርፋክስ ላይ በምሠራበት የልብስ ስፌት ቤት፣ የእርሷኑ ቀሚስ ጫፍ እየቀመቀምኩ ሳለ ነው። ቅዳሜ በማኅበራችሁ በዓል ላይ የዛሬ ሰባት መቶ ዓመት የነበረች የፓሪስ ሴት ሆና ልትለብሰው ነበር። ከሃውቶርን፣ ከሥራ ስትመለስ መኪና ገጫት።

ደብዳቤዎ የደረሰኝ በአርባዋ ማግስት ነው። አባላችሁ ሁሉ የጥንት ፈረንሳዊ ስም ያወጣልና፣ «ፔሮኔል መክብብ» ተብላ በማኅበሩ መዝገብ እንድትሰፍር ያቀረበችው ማመልከቻ ለጊዜው ውድቅ መሆኑን፣ ከ1500 እ.ኤ.አ. በፊት መክብብ የተባለ ፈረንሳዊ ስለመኖሩ ማስረጃ ካመጣች ግን እንደገና እንደሚታይላት በትሕትና አሳውቀዋታል። ስለ ትዕግሥትዎ አመሰግናለሁ። እርሷም አሁን አትቸኩልም።

መክብብ ባለቤቴ ነው። ገሊላ የስድስት ዓመት ልጅ ሳለች አረፈ። ኮሚቴው ቀደም ሲል የአባቷን ስም ትታ የሙያ ወይም የአገር ስም እንድትይዝ ሲመክራት፣ ጓደኛዋ ፍሬአብ፣ የእናንተው አባል፣ «ሶ፣ ዳቦ ጋጋሪዋ ፔሮኔል በያቸውና ገላግይን» ብሎ ቀለደባት። ሳቀችና ወደ እኔ ዞረች። «እማዬ፣ ስሜ በተጠራ ቁጥር አባዬም ይጠራ» አለችኝ።

ቅሬታዬን በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፣ በየዓመቱ ያረፉ አባላትን ስም በምታነቡበት ቀን የእርሷንም እንድታነቡልኝ ለመንኩ። ያልጸደቀ ስም አይነበብም ተባልኩ። የሞተ ሰው ከደንብ ነፃ ይወጣል ብዬ ነበር፤ ተሳስቻለሁ።

ሁለተኛ፣ ይግባኝ እንድል በቸርነትዎ ከፈቀዱልኝ በኋላ፣ የእኔ መታወቂያ ወሰንየለሽ ዓይናለም፣ የእርሷ ገሊላ መክብብ ስለሚል እናቷ መሆኔን እንዳረጋግጥ ጠየቁኝ። በእኛ ዘንድ ልጅም እናትም እያንዳንዳቸው በገዛ አባታቸው ስም ይጠራሉ። እርስዎ ለገሊላ ያዋሷትን የጥንት ፈረንሳይ ስሞች መጽሐፍ፣ መዝገበ ቃላት ይዤ፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ አነበብኩት፤ ስላዋሱን አመሰግናለሁ፣ ሌላ የምሠራው አልነበረኝም። በዚያ ዘመን በፈረንሳይ ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚወርድ የቤተሰብ ስም ገና በሁሉም ዘንድ አልጸናም ነበር ይላል። ሰው ከስሙ ቀጥሎ በአባቱ፣ በሙያው ወይም በመጣበት አገር ይጠራ ነበር፤ እናትና ልጅም ሁለተኛ ስማቸው የተለያየ ሊሆን ይችል ነበር። እንግዲህ በክቡርነትዎ መጽሐፍ ከሆነ፣ ከሁላችሁም ይልቅ ለጥንቷ ፓሪስ የምቀርበው እኔ ነኝ።

ሦስተኛውን ደክሞኛልና ትቼዋለሁ።

የምለምንዎት አንድ ነገር ነው። ስሞቹ በሚነበቡበት ቀን «ፔሮኔል መክብብ» ይባልልኝ። መክብብ ፈረንሳዊ አልነበረም፤ አባቷ ነበር። ያለኝ ማስረጃ ይኸው ነው።

እንግሊዝኛዬ ለቅሬታ ስለማይበቃ በአማርኛ ጽፌ የስፌት ቤቱ መስኮት ላይ ለጥፌዋለሁ፤ ፍሬአብ ይተረጉምልዎታል።

ሰይፍዎ እንዳይዝግ፣ መዝገብዎም ባልተረጋገጠ ሰው እንዳይቆሽሽ እየተመኘሁ፣ በታላቅ አክብሮት እጅ የምነሳዎ፣
ወሰንየለሽ ዓይናለም
የገሊላ እናት (እስኪረጋገጥ ድረስ)

ማስታወሻ፦ በመጽሐፍዎ ውስጥ እንደ ዣን ሉዊ ሁለት ስም ተጣምሮለት የሚጠራ አንድም ሰው አላገኘሁም። ደንቡ ሳይወጣ በፊት ተመዝግበው ይሆናል። ለማንም አልተናገርኩም፤ ይህን ከሚያነቡት በቀር።

መስኮቱ ጋ ቆማችሁ የምታነቡ ወገኖቼ፣ የክርስትና ስሟ ወለተ ጊዮርጊስ ነው፤ የአባቷ ኃይለ መስቀል። ቄሱ ከስማቸው ሌላ ምንም አልጠየቁኝም። እናንተም ስትጸልዩ ሁለቱን አንድ ላይ ጥሩልኝ።