ቁጥር ተጽፎበት በባጃጅ ስለ ተወሰደው የዓለም ታሪክ

ቆሰበር፣ ግንቦት 7 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ የትምህርት ድረ ገጾች ክትትልና ርክክብ ንዑስ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የክቡርነትዎን ጤና፣ የቤተሰብዎን ደኅንነት እጠይቃለሁ። አላህ ስብሰባዎን ይባርክልዎ። በሦስት ሳምንት ውስጥ አምስት ጊዜ ከደጅዎ መጥቼ አምስቱንም ጊዜ ስብሰባ ላይ ነዎት ተብያለሁና፣ ይህን ሁሉ ስብሰባ ተቀምጦ የሚችል ሰው ብርቱ ወገብ እንዳለው አልጠራጠርም። ፊትዎን ማየት ስላልሆነልኝ ይህን በግልጽ ለመጻፍ ተገደድሁ፤ ድፍረቴን ይቅር ይበሉኝ፤ ባይሉኝም አልሰርዘውም።

እኔ ሙሐመድሰዒድ አብራር የተባልሁ፣ በቆሰበር ገበያ ዳር ደብተር፣ ጃንጥላና የባትሪ ድንጋይ የምሸጥ የሰባ አንድ ዓመት ሽማግሌ ነኝ። ትምህርቴን ከአራተኛ ክፍል አቋርጫለሁ። የዓለምን ታሪክ ያወቅሁት ለስኳር መጠቅለያ ተብለው በኪሎ ከተሸጡልኝ አሮጌ የመማሪያ መጻሕፍት ነው፤ ሳላነብ የጠቀለልሁበት ገጽ የለም፤ ደንበኛ ቆሞ ይጠብቅ ነበር። ኮምፒውተርንም ያስተማረኝ ሰው የለም፤ አብሮት ከመጣው መመሪያ ጋር አንድ ክረምት ሙሉ ተጣልቼ ለመድሁት።

የዛሬ ስድስት ዓመት የሁለተኛ ደረጃ የታሪክ መምህርት ሩዋይዳ ሳሊሕ ለክፍል ተማሪዎቿ የዓለም ታሪክ ድረ ገጽ ስትከፍት ገጹን የመጠበቁን ሥራ ለእኔ ሰጠችኝ። በኋላ ወደ አዘና ተዛወረች፤ ሥራው ግን አንድም ሳምንት አልተቋረጠም። እርሷ ትምህርቱን በደብተር በእጇ ትጽፋለች፤ ደብተሩ በሚኒባስ ቆሰበር ይደርሳል፤ እኔ በሁለት ጣቴ እየለቀምሁ ገጹ ላይ አወጣዋለሁ። መማሪያ መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ስለሆነ እርሷ በአማርኛ ታብራራለች፤ ለገጠር ልጆች የሚከብደውን ቃል ደግሞ ከግርጌ በአዊኛ እንፈታዋለን። አንድ ጊዜ ጥያቄ አውጥታ መልሱን ሳትጨምር ብትልክ ደብተሩን በዚያው ሚኒባስ መለስሁት። ደውላ፣ «ኧረ አባባ፣ ለአንዲት ጥያቄ ብለው?» አለችኝ። «አዎ፣ ለአንዲት ጥያቄ» አልኋት። ከዚያ ወዲህ መልስ የሌለው ነገር የሚደርሰኝ ከጽሕፈት ቤትዎ ብቻ ነው።

ወደ ምስጋናዬ ልግባ።

፩ኛ. በመጋቢት ማለቂያ በጻፉልኝ ደብዳቤ፣ ገጹን በሳምንት የሚጎበኙት አሥራ አራት ሰዎች ብቻ መሆናቸው በጥናት ስለ ተረጋገጠ፣ «አገልግሎት የማይሰጥ» ተብሎ ለጽሕፈት ቤትዎ እንዲተላለፍ መወሰኑን ገልጸውልኛል። ስለ ጥናቱ እጅግ አመሰግናለሁ። ጥናቱን ያካሄደውን ባለሙያ አንድ ቅዳሜ ከሱቄ ፊት ለፊት ጫማውን ሲያስጠርግ አይቼዋለሁ። ከጫማው ላይ ዓይኑን ቢያነሣ ኖሮ፣ በየሰፈራቸው ኔትወርክ የሌላቸው የገጠር ተማሪዎች ድንቻቸውን ሸጠው ሲያበቁ ወደ ሱቄ ሲመጡ፣ የሳምንቱን ትምህርት ከኮምፒውተሬ በሚሞሪ ካርድ ሲገለብጡ፣ እዚያው ደጄ ላይ ቆመው ከስልክ ወደ ስልክ ሲቀባበሉት ባየ ነበር። ሰኞ ደግሞ በየትምህርት ቤታቸው ለሌላው ያካፍሉታል። ግምጃ ቤት ወደምትባለው ከተማ የሄደች አንዲት ካርድ ለሠላሳ ሰባት ልጆች መድረሷን በየስማቸው መዝግቤ ይዣለሁ። የገጹ ቆጣሪ ይህን አያውቅም፤ የሚያውቀው የእኔን ኮምፒውተርና ጥቂት የከተማ ስልኮችን ነው። ወንዝ የወረደችው አንዲት እንስራ ናትና ከዚያ ቤት ውኃ የሚጠጣ አንድ ሰው ብቻ ነው ማለት ይቻላል፤ ጥናት ከተባለ ይቻላል።

፪ኛ. ሚያዝያ 16 ቀን ሦስት አባላት ያሉት የርክክብ ኮሚቴ የነጭ ቀለም ቆርቆሮና ብሩሽ ይዞ ከሱቄ ገባ። ሰብሳቢው አቶ ይኸነው ጨዋ ሰው ነው፤ ጥፋቱ የተሰጠውን ትእዛዝ እንዳለ መፈጸሙ ብቻ ነው። ትእዛዙ የሚረከቡት ንብረት ሁሉ መለያ ቁጥር ይጻፍበት ይላል። ስለዚህ፣ «አባባ፣ ድረ ገጹ የትኛው ነው? ቁጥር እንጻፍበት» አለኝ። የሚዳሰስ ነገር አለመሆኑን ሩብ ሰዓት ያህል አስረዳሁት። «እሱስ ገብቶኛል፤ ቁጥር የሌለውን ንብረት ግን ግምጃ ቤቱ አይቀበለኝም» አለ። እንግዳው የሚባለው ሁለተኛው የኮሚቴ አባል፣ «እንግዲያ አየሩ ላይ እንጻፋ!» ብሎ ሳቀ። ሦስተኛዋ አባል ወይዘሮ ዋጋዬ ግን ፍርዱን ሰጡ፦ «ከዚህ ውስጥ አይደል የሚኖረው? በቤቱ ላይ ጻፉበት።»

በኮምፒውተሬ ግንባር ላይ ቁጥር ተጻፈ። የግሌ ነው፣ በገንዘቤ የገዛሁት ነው ብል፣ አሁን ቁጥር ስላለው የመንግሥት ነው ተባልሁ። የሩዋይዳን ሰባት ደብተሮችም ጨምረው በባጃጅ ጭነው ሄዱ። በሰጡኝ የንብረት መረከቢያ ደረሰኝ፣ በሞዴል አሥራ ዘጠኝ ላይ የሰፈረው ቃል በቃል ይህ ነው፦ «ድረ ገጽ፣ ጥቁር፣ ከነመለዋወጫው፣ ብዛት አንድ።» መለዋወጫ የተባሉት ደብተሮቹ ናቸው። ብዙ ነገሥታት ዓለምን ለመጠቅለል እንደ ሞከሩ አንብቤአለሁ፤ በአንድ ባጃጅ ጠቅልሎ የወሰደ ግን ከጽሕፈት ቤትዎ በፊት አላጋጠመኝም።

፫ኛ. የገጹን የይለፍ ቃል በደብዳቤ ጠየቁኝ፤ በደብዳቤ ሰጠሁ። ርክክቡ በሦስት ቀን ያልቃል፣ ገጹም ተመልሶ ይከፈታል የሚለውን አምኜ ነበር፤ ይህ የእኔ ስንፍና ነው፤ በማንም አላሳብብም። ቃሉን የተቀበለው ባለሙያ በዚያው ቀን ለወጠውና ለሥልጠና ሄደ። የት እንደ ሄደ፣ መቼ እንደሚመለስ የሚነግረኝ አላገኘሁም፤ አዲሱን ቃል ከእርሱ በቀር የሚያውቅ የለም፤ ስልኩም አይሠራም። አሁን ገጹን የሚከፍት ተማሪ የሚያገኘው የክቡርነትዎን ፎቶግራፍ ነው። ከሥሩ «በርክክብ ሂደት ላይ ስለሆንን በትዕግሥት ይጠብቁ» ይላል። ፎቶግራፉ ግርማ ሞገስ አለው፤ በእኛ ኔትወርክ ግን ከግንባርዎ ተነሥቶ አገጭዎ እስኪደርስ ሩብ ሰዓት ይፈጃል።

እዚህ ላይ ምስጋናዬ አልቋል፤ ቀልዴም አብሮ አልቋል።

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ሰባት ሳምንት ቀርቶታል። ሦስቱ የመጨረሻ ምዕራፎች፣ ማለትም ሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ ቀዝቃዛው ጦርነትና የአፍሪካ አገሮች ነፃ መውጣት፣ ገና በካርድ ተገልብጠው ለልጆቹ አልደረሱም። ያሉት በገጹ፣ በኮምፒውተሩና በደብተሮቹ ነው፤ አንዱ ተቆልፏል፣ ሁለቱ በግምጃ ቤትዎ አቧራ ይጠጣሉ። ባለፈው ቅዳሜ ከግምጃ ቤት ከተማ መንገድ እመቤት ዓለምነው የምትባል ልጅ በእግሯ መጣች። አምና በጥቂት ነጥብ ወድቃ ዘንድሮ በድጋሚ ትቀመጣለች፤ ከዚህ በኋላ ሌላ ዕድል እንደማይሰጣት አባቷ ነግሯታል። ያንን ባዶ ጠረጴዛዬን አየችና፣ «አባባ፣ ታዲያ ምን ይዤ ልሂድ?» አለችኝ። «ጽሕፈት ቤቱ ትዕግሥት ይዘሽ ሂጂ ብሏል» አልኋት። አልሳቀችም። ከእርሷ በኋላ ሃያ ስድስት ልጆች መጥተው ባዶ እጃቸውን ተመልሰዋል፤ ከእነርሱም የሳቀ የለም። ያን ቀን ሱቄን ከቀትር በፊት ዘጋሁ፤ በአርባ ዓመት ውስጥ ቅዳሜ ሱቅ ዘግቼ አላውቅም።

ስለዚህ ልለምንዎ ሳይሆን ላሳውቅዎ እጽፋለሁ። ያንን ትምህርት ፊደል በፊደል በሁለት ጣቴ የለቀምሁት እኔ ነኝ፤ እንዲህ ያለ ነገር ከጭንቅላት አይወጣም፤ ሦስቱንም ምዕራፎች በቃሌ ይዣለሁ። ከመጪው ቅዳሜ ጀምሮ ከጧቱ ሦስት ሰዓት ላይ ከጽሕፈት ቤትዎ በር ፊት ለፊት ካለው ድንጋይ ላይ እቀመጣለሁ። እኔ እናገራለሁ፤ ልጆቹ ይጽፋሉ። መምህርት ሩዋይዳም በመጀመሪያው ሚኒባስ ከአዘና መጥታ የሳትሁትን ታርማለች። ድምፄ ዛሬም ከገበያው ዳር እስከ ዳር ይሰማል፤ ስብሰባዎን ቢረብሽ አዝናለሁ፤ ዝቅ ግን አላደርገውም። ኮምፒውተሩና ደብተሮቹ የተመለሱ፣ ገጹም የተከፈተ ዕለት ከድንጋዩ እነሣለሁ፤ ከዚያ በፊት አልነሣም። ኮሚቴው ብሩሹን ይዞ ቢመጣ ግንባሬ ሰፊ ነው፣ ይጻፍበት፤ ሞዴል አሥራ ዘጠኝ ሲቆረጥብኝ ግን «ከነመለዋወጫው» የሚለውን እንዲሰርዙልኝ አሳስባለሁ፤ መለዋወጫ የለኝም።

የሥራ ዘመንዎ የተቃና፣ ማኅተምዎ የማይደርቅ፣ ወንበርዎ የማይነቃነቅ እንዲሆን እየተመኘሁ፣

ታዛዥነቱን በሚያዝያ ወር የጨረሰ አክባሪዎ፣
ሙሐመድሰዒድ አብራር
ባለሱቅና የዓለም ታሪክ ገጽ ጠባቂ

ግልባጭ፦
ለመምህርት ሩዋይዳ ሳሊሕ፣ አዘና
ለቆሰበር ገበያ የማስታወቂያ ሰሌዳ
ማንበብ ለሚችል ሁሉ

ተጨማሪ፦ በጥር ወር ስለ ኢንዱስትሪ አብዮት ያሰሙትን የመክፈቻ ንግግር ከአዳራሹ ኋላ ቆሜ አዳምጬዋለሁ፤ በጣም የተዋጣ ነበር። ጀምስ ዋት ለእንፋሎት ሞተሩ የፈጠራ መብት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1796 ነው ብለዋል። በ1769 ነው። ይህን ስህተት በማንኛውም መጽሐፍ አያገኙትም፤ የእኔ ስህተት ነው፤ ቸኩዬ ቁጥሩን አዟዙሬ ጽፌው አራት ቀን ገጹ ላይ ከቆየ በኋላ በኀፍረት አርሜዋለሁ። ንግግርዎን ያዘጋጁት በእነዚያ አራት ቀናት ውስጥ እንደ ነበረ ከዚህ ተረድቻለሁ። ቅዳሜ የሚነገረው ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነው፤ ለሌላ ንግግር ያስፈልግዎ ይሆናልና ደብተር ይዘው ብቅ ይበሉ፤ ከእመቤት አጠገብ ቦታ እይዝልዎታለሁ።