የአክስቴ አሳማ ስብ ሲቀልጥ

ውድ ማርጊት፣

ካርዱ ላይ ቅባት ብታዪ አትናደጂ፤ እጄን ሦስቴ ብታጠብም አልለቀቀኝም። ትናንት አክስቴ ኢሎንካ አሳማዋን አሳረደች፤ ዛሬ ጓሮ ውስጥ በትልቅ የብረት ድስት ስቡን ስናቀልጥ ዋልን። እኛ ከተማ ከሱቅ እንደምንገዛው፣ ሳሙና የመሰለና ሽታ የሌለው እንዳይመስልሽ! የዚህ መዓዛ መንደሩን አዳርሶታል። አሳማው የወደቀ ፍሬ እየለቀመ እንደ ልቡ ሲዞር የከረመ ነው። ጣጣውም የመጣው ከዚሁ ነው፤ የጎረቤቷን የቬንዴልን አጥር ጥሶ ዱባውን ሙልጭ አድርጎ በላበት። ከዚያ ወዲህ ሰላምታ እንኳ የላቸውም። እዚህ ደግሞ አሳማ ያረደ ሰው ለጎረቤት ሳያቀምስ አያድርም። አክስቴ ግን "ለእሱስ ሞቼ ነው ቆሜ!" ብላ ነበር።

ታዲያ ወሬ ይዘን ማማሰሉን ስንዘነጋ፣ ከአጥሩ ማዶ "ኧረ እሳቱን ቀንሺ፣ ሊያርርብሽ ነው!" የሚል ጩኸት ሰማን። ለካ ቬንዴል እያሸተተ ቆሞ ኖሯል!

"ማን ጠየቀህ?" አለችው፤ እንጨቱን ግን ሳብ ሳብ አደረገች። ስቡ ተረፈ። ከዚያ ሳይቀልጥ ቀርቶ ቡናማ ሆኖ የተንሳፈፈውን ጥብስ ጨልፋ፣ ሳህን ሞልታ በአጥሩ ላይ ሰጠችው።

"እንካ፣ ግማሹ ያንተው ዱባ ነው።"

አንዷን ጎርሶ ቀስ ብሎ አላመጠ። "እንዲህ እንደሚጣፍጥ ባውቅ ኖሮ አጥሩን ራሴ እከፍትለት ነበር" አላት።

ቦታ አለቀብኝ። እናትሽን ሳሚልኝ። አንድ ጠርሙስ ስብ ይዤልሽ እመጣለሁና ዳቦና ቀይ ሽንኩርት አዘጋጅተሽ ጠብቂኝ፤ የቬንዴል ዱባ ላንቺም ይደርስሻል።

ቴርካሽ