የአክስታችን የባለጋሪዋ የሕይወት ታሪክና በጋጣው በር ላይ የጻፉት ቃል

ሰፈሩ «ባለጋሪዋ» እያለ የሚጠራቸው አክስታችን ከአንጥረኛ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በ1949 ዓ.ም. ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ባለች አንድ ክፍል ቤት ተወለዱ። እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረው ዳቦ ቤት ተቀጠሩ። በ1971 ዓ.ም. የዳቦ ቤቱን ጋጋሪ አግብተው ሁለት ሴት ልጆች አፈሩ። ባለቤታቸው በ1988 ዓ.ም. ሲያርፉ ጋሪ ገዝተው ዳቦውን በየሱቁ ማድረስ ጀመሩ። ከኋላቸው ክላክስ ለሚያንባርቅ ሹፌር፣ ፈረሱ ጆሮ እንጂ ፍሬን እንደሌለው ቀስ ብለው ያስረዱት ነበር።

በ2001 ዓ.ም. ልጃቸውን ሊያስታምሙ ሌላ ከተማ ሄደው ሳሉ ዳማው ፈረሳቸው ሆዱን ታመመ። ቤት የቀሩት የሐኪም ስልክ አያውቁም፤ ሐኪም በስንት ፍለጋ ተገኝቶ እንደማይድን ቢናገርም፣ የሰው ፈረስ ነውና በመርፌ ይገላገል ብሎ የሚደፍር ጠፋ። ዳማው ሁለት ቀን ሲንፈራገጥ ቆይቶ ሞተ። አክስታችን ተመልሰው ኮቴው የቦረቦረውን የጋጣ ግድግዳ በእጃቸው ዳሰሱት። ማንንም አልተቆጡም፤ ሳቃቸው ግን እንደ ድሮው አልሆነም።

ሁለተኛውን ፈረሳቸውን፣ ቡላውን፣ ሲገዙ ገና ጋሪ ላይ ሳይጠምዱት ወደ እንስሳት ሐኪሙ ወሰዱት። ሐኪሙ ምኑን እንዳመመው ሲጠይቁ፣ አክስታችን ምንም እንዳልሆነ፣ ለመተዋወቅ ብቻ እንደመጡ ነገሯቸው። የሐኪሙን፣ እኚህ ሐኪም ባይገኙ የሚተካቸውን ሐኪምና ፈረሱን የሚጭነውን የአይሱዙ ሹፌር ስልክ ጽፈው ጋጣው በር ላይ ለጠፉ። ከዓመታት በኋላም አንድ መስመር ጨመሩበት፤ እሳቸው በሌሉበት ሐኪሙ ተስፋ የለውም ካሉ፣ አብሯቸው የሚኖረው የወንድማቸው ልጅ ስቃዩ እንዲያበቃ ቃል ይስጥ የሚል። ፈረሙበትም።

በ2016 ዓ.ም. የጉበት ካንሰር አልጋ ላይ ጣላቸው። ሆስፒታል ሳሉ፣ ጥቅምት 9 ቀን 2017 ዓ.ም. ረፋድ ላይ የቡላው አንጀት ተጠማዘዘ። ሐኪሙ በግማሽ ሰዓት ደረሱ፤ እንደማይድንም ተናገሩ። የወንድማቸው ልጅ ቃሉ ከአፉ አልወጣ ብሎት ደወለላቸው። አክስታችንም፣ «የኔ ልጅ፣ እኔ ያንን በደህናው ቀን ጨርሼዋለሁ። አሁን ደግመህ አታስወስነኝ። ራሱን ያዝለትና ለሐኪሙ እሺ በላቸው» አሉት። እሺ አለ።

ከሰዓት በኋላ አልጋቸው አጠገብ ሲደርስ የጠየቁት ምን ያህል ቆየ ብለው ብቻ ነበር። አንድ ሰዓት እንዳልሞላ ሲነግራቸው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ለእሳቸው ግን እንዲያ አላጠረላቸውም። አሥራ አንድ ቀን በጣር ቆይተው፣ ጥቅምት 20 ቀን በስድሳ ስምንት ዓመታቸው አረፉ። ሁለት ልጆች፣ ሦስት የልጅ ልጆች፣ አንድ ወንድምና ይህን የጻፈው የወንድም ልጅ ቀርተዋል።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን ደጅ ሳያስጠና ይቀበልልን፤ ከእንግዲህ የሚያማቸው ነገር አይኑር።