ማር ቤት ያልሆነው ክፍልህ

ወንድሜ፣

ትናንት ተቆጣጣሪዋ መጥታ የማር ቤቱን ፈቃድ ሳትሰጠን ሄደች። ቅጹ ላይ «በክፍሉ ውስጥ የሚተኛ ሰው አለ?» ለሚለው እማዬ «አዎ፣ ልጄ» ብላ ሞልታለች።

ወሬውን አስቀደምኩ እንጂ ሰላምታውን አልረሳሁም። እንዴት ነህ? ወገብህስ ተሻለህ? ባለቤትህ ደህና ናት? ትንሿስ ጥርስ አወጣች? እኛ ደህና ነን። የአባዬ ጉልበት ደረጃ ሲወጣ ያማርራል፤ ወደ ቀፎዎቹ ሲሄድ ግን ዝም ይላል። ንቦቹ ዘንድሮ አላሳፈሩንም፤ ዘጠኝ ባልዲ ማር ቆርጠናል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከዚህ ዓመት ጀምሮ ማሩን አሽጎ በስሙ የሚሸጥ ሁሉ ለዚሁ ሥራ ብቻ የሚሆን ክፍል ይኑረው ተባለ፤ ውሃ የገባለት፣ ግድግዳው የሚታጠብ፣ የማይበሰልበትና የማይተኛበት። ክፍል የሌለው ለሰብሳቢው ነጋዴ ያስረክባል፤ እሱ ደግሞ የሃያ ሰው ማር በአንድ በርሜል ይደባልቃል። አባዬ ይህን ሲሰማ «አርባ ዓመት የለፋሁት ንቡን ስኳር የሚቀልብ ሰው ማር ላጣፍጥ ነው?» አለ።

ስለዚህ ሳንጠይቅህ ያንተን ክፍል መረጥን። አባዬ ግድግዳውን ዘይት ቀለም ቀባው፤ ቧንቧ ሠራተኛው ውሃ አስገባ፤ ቁም ሳጥንህን ኮሪደር ላይ አወጣነው። አልጋህን ግን እማዬ አላስነካ አለች። አንጥፋ፣ ማር እንዳይነካው ብላ ፕላስቲክ አለበሰችው። ተቆጣጣሪዋ ልጁ የት እንዳለ ስትጠይቃት ሥራ ላይ ነው አለቻት። መቼ እንደሚመለስ ስትጠይቅ አባዬ «ከሄደ ስድስት ዓመቱ ነው» ብሎ አፍረጠረጠው። ልጅቱ አልሳቀችም፤ ሌላ ቅጽ ትታልን ሄደች። ለቅምሻ የቀረበላትንም ማር ደንቡ አይፈቅድልኝም ብላ አልነካችም። እማዬ የተቀየመችው በፈቃዱ ሳይሆን በዚህ ነው።

ምሳ ላይ አባዬ አልጋው ይፈታ አለ። እማዬ ከሳህኗ ቀና ሳትል «የአልጋው ባለቤት በራሱ አፍ ይንገረኝ። እሱ ካለ ብሎኑን እኔው እፈታዋለሁ» አለች። እዚያ አልጋ ላይ ማንም እንደማይተኛ ከሁላችን በላይ የምታውቀው እሷ ናት፤ በየሳምንቱ ያላደፈ አንሶላ የምትቀይረው እሷ አይደለችም?

በስልክ ያልነገርኩህ ከአጠገቤ ስለማትጠፋ ነው። አንተ ደውልላት። ስትመጡ ክፍሌን እለቅላችኋለሁ፤ ማደሪያ አታጡም። ዘንድሮ ትመጣ እንደሆነ ግን ቁርጡን ንገራት እንጂ አታባብላት።

አባዬ ሰላም ብሎሃል። ይህን ደብዳቤ በሚያደርስልህ ሹፌር የላከልህ ማር ፈቃድ የለውምና እንዳትሸጠው ብሏል። እማዬ ትንሿን አገላብጠህ ሳምልኝ ትላለች። ባለቤትህን በእኔ ስም እቀፍልኝ።

ተቆጣጣሪዋ የምትመለሰው በመጪው ሐሙስ፣ ሰኔ 12፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ነው።

ታላቅ እህትህ
ከቤት፣ ሰኔ 6 ቀን